«አፈገፈገ» ስለሚለው ግሥ ትርጓሜና አመጣጥ

በአማርኛ ቋንቋ ወደ ኋላ መሄድን የሚያመለክቱት ግሦች ብዙዎች ናቸው። ሸሸ፣ ፈረጠጠ፣ ተመለሰ፣ ለቀቀ፣ ገሸሽ አለ፣ ጀርባውን ሰጠ፣ እግሬ አውጪኝ አለ፣ አፈገፈገ እየተባለ ይነገራል። እነዚህም ቃላት በመንገድ ላይ ሲታዩ ወንድማማቾች ይመስላሉ እንጂ አባታቸው አንድ አይደለም፤ ጠባያቸውም ይለያያል። ይሁን እንጂ ያለፈውን የጦርነት ዘመን ታሪክ በሚጽፉና በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ አንዱ በሌላው ቦታ እንደ ልብ ሲገባ እናያለን። አንዱ ጸሐፊ ስለ አንድ ጦር «ሸሸ» ሲል፣ ሁለተኛው ስለዚያው ጦርና ስለዚያችው ቀን «አፈገፈገ» ይላል፤ ሦስተኛውም ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ «ተመለሰ» ብሎ ያልፋል። ተማሪውም የሦስቱን መጻሕፍት አንብቦ፣ ያ ሰው ጀግና ይሁን ፈሪ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ከነዚህ ግሦች መካከል የተለየ ጠባይ ያለውን «አፈገፈገ»ን ከግንዱ ጀምረን ብንመረምረው ለታሪክም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በመጀመሪያ ቃሉን በ«አ» ሳይሆን በ«ፈ» መፈለግ ይገባል። ግንዱ «ፈገፈገ» ነውና። ፈገፈገ ማለት ፋቀ፣ አሸ፣ ደጋግሞ አፈተገ ማለት ነው፤ የጠቆረውን ድስት በአመድ የምትፈገፍግ ሴት ይህን ግሥ ከማንኛውም ሊቅ አስበልጣ ታውቀዋለች። እዚህ ላይ የፊደሉን አሠራር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ፊደል «ፈ» እና «ገ» ተደግመው አራት ሆነዋል። እንዲህ ያሉ ግሦች በአማርኛ እጅግ የበዙ ናቸው። ነቀነቀ፣ ቀጠቀጠ፣ በጠበጠ፣ ለቀለቀ፣ ጠመጠመ፣ ለበለበ እንላለን። ሁሉም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃውን ሳይሆን እየተመላለሰ የሚሠራውን ሥራ ያመለክታሉ። አንድ ጊዜ የመታ ሰው ቀጠቀጠ አይባልም፤ አንድ ጊዜ ያዞረም ጠመጠመ አይባልም። ፊደሉ ራሱ እንደ ሥራው ይመላለሳል። እንግዲህ «አፈገፈገ» ከዚህ ወገን በመወለዱ፣ ባንድ ዝላይ ወደ ኋላ የሄደውን ሳይሆን ጥቂት በጥቂት፣ ስንዝር በስንዝር፣ መሬቱን እየፋቀ የሄደውን ያሳያል።

ፈገፈገ ከሚለው ወደ አፈገፈገ የተሸጋገረበትን መንገድ ለመረዳት መደብ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ የተቀመጠን ሰው ማየት ይበቃል። እንግዳ ገብቶ ቦታ ሲጠብበት፣ ወይም እሳቱ ነዶ ሲፈጀው፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ በመቀመጫው መሬቱን እየፈገፈገ ወደ ግድግዳው ይሸሻል። «ይሸሻል» ማለቴን አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ሌላ ቃል ቢታጣ ነው እንጂ ያ ሰው ሸሸ አይባልም። ፊቱን ከእሳቱ አላዞረም፤ ዓይኑም ከእንግዳው አልተነቀለም። ወደ ኋላ የሄደው ገላው ብቻ ነው። የግሡ ዋና ምስጢር እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በፊቱ ላይ ስለ ተጨመረው «አ» ጥቂት ልናገር። ይህች ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ግሡን አስደራጊ ታደርገዋለች፤ ወጣ የነበረው አወጣ፣ ገባ የነበረው አገባ ይሆናል። በ«አፈገፈገ» ላይ ግን እንዲህ አልሠራችም። አፈገፈገ የሚለው ተሳቢ አይፈልግም፤ ሰውየው ማንን አፈገፈገ ተብሎ አይጠየቅም። ነገር ግን ቋንቋችን ይህችን «አ» ለሌላ ሥራ እንደሚጠቀምባት እናያለን። አለቀሰ፣ አዛጋ፣ አነጠሰ፣ አፏጨ፣ አገሣ፣ አጨበጨበ የሚሉትን እንመልከት። ሁሉም ሰው ወይም እንስሳ በገዛ ገላው የሚሠራቸው ናቸው፤ አንዳንዱን ወዶ፣ አንዳንዱን ሳይወድ ይሠራዋል። አፈገፈገም ከነዚሁ ጋር ተሰልፏል። ስለዚህ የቃሉ አመጣጥ ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከገላ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ጦረኞች የተዋሱት ከመደብና ከምድጃ ዳር ነው።

አሁን ጎረቤቶቹን እናስተያይ። ሸሸ የተባለ ሰው አደጋውን ለማምለጥ ፊቱን አዙሮ ሄዷል። ፈረጠጠ የተባለ ደግሞ ልጓሙን እንደ በጠሰ ፈረስ ያለ ሥርዓት ሮጧል። እግሬ አውጪኝ ያለ ሰው ከመሣሪያው ይልቅ እግሩን ታምኗል። ጀርባውን የሰጠ፣ ቃሉ እንደሚለው፣ ለጠላት ጀርባውን አሳይቷል። ተመለሰ የሚለው ግን የተለየ ነው፤ ወደ መጣበት ወይም ወደ ቤቱ መሄዱን እንጂ መፍራቱንም መድፈሩንም አይናገርም። ድል አድርጎም ይመለሳል፤ ድል ሆኖም ይመለሳል። ለዚህ ነው እውነቱን ለመናገር የከበደው ጸሐፊ «ተመለሰ» በሚለው ቃል የሚጠለለው። ሕግ አዋቂዎችም ይህን ግሥ መምረጣቸው ትክክል ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ ሲደነግግ፣ ሕግ የሚፈራው ጠላት ስለሌለው አያፈገፍግም፤ ይመለሳል ወይም አይመለስም እንጂ።

«ወደ ኋላ» ስንል ደግሞ «ኋላ» የሚለውን ቃል ራሱን መጠየቅ ይገባል። በግዕዝ «ከዋላ» ማለት የኋለኛው ወገን፣ የመርከብም የኋላ ጫፍ ነው። «ከ» በአማርኛ «ሀ» እየሆነ መለወጡ የታወቀ ነው፤ የግዕዙ ኮነ በአማርኛ ሆነ፣ ኵሉም ሁሉ ሆኗል። እንዲሁም ከዋላ ኋላ ሆነ። አንዳንድ የቀድሞ ጸሐፊዎች «ዃላ» እያሉ የሚጽፉት ይህን አመጣጡን በማሰብ ነው። ትግርኛ ግን ሌላውን የግዕዝ ቃል፣ «ድኅር»ን፣ ወርሶ «ንድሕሪት» ይላል። እኛም ድኅርን ጨርሰን አልጣልነውም፤ ድኅረ ጦርነት፣ ድኅረ ምረቃ እያልን በትምህርትና በጽሕፈት ቤት እንገለገልበታለን።

ይህ «ኋላ» የሚባለው ቃል ከቦታ ወደ ጊዜ ሲሻገር የሚያሳየው ጠባይ በጣም ያስደንቃል። «በፊት» ስንል ያለፈውን ጊዜ እንናገራለን፤ «ወደ ፊት» ስንል ግን የሚመጣውን ነው። «በኋላ» ስንል የሚመጣውን፣ «ወደ ኋላ ተመልሰን ብናይ» ስንል ግን ያለፈውን ነው። አንዱ ፊት ባለፈውም በሚመጣውም ጊዜ ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ኋላም እንዲሁ። የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲማር በዚህ ላይ ቢሰናከል አይፈረድበትም። ነገሩ የሚፈታው እንዲህ ይመስለኛል። «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት ሰልፍን ያያሉ፤ በሰልፍ ፊት ያለው ቀድሞ የደረሰ ነው፤ ኋላ ያለው ኋላ ይደርሳል። ቀድሞ የመጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው የሚለው ተረታችን በዚህ ሰልፍ ላይ የቆመ ነው። «ወደ ፊት» እና «ወደ ኋላ» የሚሉት ግን መንገደኛውን ያያሉ፤ ፊቱን ያዞረበት ሁሉ የሚመጣው ነው፤ ጀርባውን የሰጠው ያለፈው ነው። «ኋላ ቀር» የሚለው ስድብ ደግሞ ከሁለቱም ይዋሳል። ኋላ ቀር የተባለ ሰው ወደ ኋላ አልሄደም፤ ካለበት ሳይነቃነቅ ሌሎቹ ስላለፉት ብቻ ኋላ ሆነ። አላፈገፈገም፤ አልሸሸምም፤ ግን ከሸሸው ይልቅ ይሰደባል።

በግዕዝ ቋንቋ ለማፈግፈግ ትክክለኛ አቻ ማግኘት ያስቸግራል። ጐየ ማለት ሸሸ ነው። ተመይጠ ማለት ዞሮ ተመለሰ ነው። ተግሕሠ ማለት ፈቀቅ አለ፣ ተለየ ነው። ገብአ ማለት ተመለሰ ሲሆን፣ በአማርኛ «ገባ» ሆኖ ወደ ቤት መግባትን ብቻ ያመለክታል፤ ይህም ለቀደሙት ሰዎች መመለስና ቤት መግባት አንድ ነገር እንደ ነበር ያሳያል። በዳዊት መዝሙርም ጠላት ወደ ኋላው ይመለስ ዘንድ የሚቀርበው ጸሎት ከኀፍረት ጋር የተያያዘ ነው። የሎጥ ሚስት ወደ ኋላ በመመልከቷ የጨው ሐውልት ሆነች፤ ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚያርሰውም በወንጌል ተነቅፏል። እንግዲህ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ የአገራችን ሰው «ኋላ» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ ገና ግሡ ሳይደርስ ልቡ ወደ ነቀፌታ ማዘንበሉ አያስደንቅም።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ነገር በመሳብ ይመስሉታል። ትግርኛ «አንሳሐበ» ሲል ከ«ሰሐበ» ያወጣዋል፤ እርሱም የእኛ «ሳበ» ነው። የላቲኑ ቃል ወደ ኋላ መጎተት ማለት ሲሆን፣ ፈረንሳዮች ከርሱ «ረትሬት» የሚለውን አውጥተዋል። ፈረንሳዮች ይህንኑ ቃል በመንግሥት ሥራ አርጅቶ በደመወዝ ለሚያርፍ ሰውም ይሰጡታል። ከዚህ የተነሣ «ጡረታ» የሚለው ቃላችን ከፈረንሳይኛ የመጣ የሚመስላቸው የሥራ ባልደረቦች ገጥመውኛል። ድምፁ በርግጥ ያሳስታል፤ ግን ጡረታ «ጦረ» ከሚለው የገዛ ግሣችን የተወለደ ነው። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ተብሎ የሚመረቀው በዚሁ ነው። ስለዚህ ፈረንሳዊው ባለ ጡረታ ከጦር ሜዳ የተጎተተ ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው ባለ ጡረታ የሚጦር ነው። የኛው ይሻላል። ወደ ነገራችን እንመለስ። ላቲኑና ትግርኛው እንደ ገመድ መሳብን ሲያዩ፣ አማርኛ ግን መፋተግን አየ። በመሳብ ውስጥ የሚስበው አለ፤ በመፋተግ ውስጥ መሬትና ገላ ብቻ ናቸው።

ወደ ኋላ መሄድ የሚያመጣው ኀፍረት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማየት ከዐድዋ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ እዚያ ግን ያፈረው ጠላታችን ነበር። በየካቲት 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ከሳውሪያ ምሽጉ ላይ ሆኖ የስንቁን ማለቅ ይቈጥር ነበር። የቀረው ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክም ሠራዊት በስንቅ በኩል ችግር ላይ ስለ ነበረ፣ ቀድሞ የሚያፈገፍገው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የጦርነቱ ሁሉ ቍልፍ ሆኖ ነበር። ባራቲየሪ ወደ ኋላ ለመሳብ አሰበ። የካቲት 21 ቀን አራቱን ጄኔራሎቹን፣ አሪሞንዲን፣ ዳቦርሚዳን፣ አልቤርቶኔንና ኤሌናን ሰብስቦ ጠየቃቸው። አራቱም ማፈግፈግ ለኢጣልያ ክብር አይስማማም ብለው ተቃወሙት። ከሮማም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ያወረደበት ነቀፌታ ከጥቂት ቀን በፊት ደርሶት ነበር። እንግዲህ ወደ ፊት ሄደ። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ። ባራቲየሪም አሥመራ ላይ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ። ይህን ሰው ብዙ ጸሐፊዎች እንደ ተላላ ይስሉታል፤ እኔ ግን በዚያች የካቲት 21 ቀን ትክክለኛውን ግሥ የያዘው እርሱ ብቻ ነበር እላለሁ። የያዘውን ግሥ አለማጽናቱ ነው ጥፋቱ።

ከዐድዋ 40 ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ እኛ ዞረ። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻና በ1928 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ የኢጣልያ ጦር በመረብ ማዶ ሲከማች፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትግራይ ጦር ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንዲል ለራስ ሥዩም መንገሻ ትእዛዝ ሰጡ። ምክንያቱም ጠብ ጫሪው ማን እንደ ሆነ በዤኔቭ ላለው የመንግሥታት ማኅበር ያለ ጥርጥር እንዲታይ ነበር። ይህ ማፈግፈግ ጥይት ሳይተኰስ የተደረገ ነው። ጦረኛውን ምን ያህል እንዳስቈጣው መገመት አያስቸግርም፤ ዘመቻ ሲመጣ ፈሪ ለእናቱ እየተባለ ያደገ ሰው፣ ጠላት ሳይመጣ መሬቱን ለቆ ፈቀቅ በል ሲባል ምን ይሰማዋል? መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያኖች መረብን ተሻገሩ፤ መስከረም 25 ቀን ዐድዋን ያዙ። ዤኔቭም ጠብ ጫሪውን ለይታ ፈረደች፤ ፍርዷ ግን ጦር አላስመጣም። ስለዚህ የ30 ኪሎ ሜትሩ ማፈግፈግ ጠቀመ ወይስ ጐዳ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ከሚከራከሩት ወገን አይደለሁም፤ ቃሉ ግን በትክክል ይስማማዋል፤ ፊት ወደ ጠላት፣ ገላ ወደ ኋላ ሆኖ ነበርና።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ደግሞ ግሡ ወደ ጠላት ዞረ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተከዜን ተሻግረው በደምበጊና በኩል ወደ ሽሬ ሲገፉ፣ ታንክ የያዘው የኢጣልያ ጦር ወደ አክሱም አቅጣጫ ለማፈግፈግ ተገደደ። ከጥቂት ቀን በኋላ የመርዝ ጋዝ በተከዜ አካባቢ ወረደ። የሰሜኑ ጦርነት ከዚህ ወዲያ የነበረውን ሚዛን አላገኘም። በየካቲት ወር አምባ አራዶም ተለቀቀ፤ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙም በመመለሻው መንገድ ላይ ተገደሉ። በተንቤንም የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር ተፈታ።

«ተፈታ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይበቃል፤ ማስረዳትም አያሻውም። የታሰረ ነገር ሲፈታ እንደሚበተን ጦርም ይፈታል። ያፈገፈገ ጦር ግን አልተፈታም። ጭፍራው ከአለቃው፣ አለቃውም ከደጀኑ ጋር እንደ ታሰረ ወደ ኋላ ይሄዳል። እንግዲህ የማይጨውን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ከባዱ ሥራ አንዱ ግሥ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደ ጀመረ መለየት ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት የማይጨው ውጊያ ተጀመረ። ክቡር ዘበኛው ቀኑን ሙሉ ተደጋጋሚ ጥቃት አደረገ፤ ምሽጉ ግን አልተሰበረም። ማታ ጦሩ ወደ ነበረበት ቦታ ተመለሰ፤ አልሸሸም። ከጥቂት ቀን በኋላ የማፈግፈግ ትእዛዝ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ቃሉ ልክ ነው። መጋቢት 26 ቀን ግን ሠራዊቱ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲያልፍ አይሮፕላኖች ደርሰው ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝ አወረዱበት። ጥማት ያቃጠለው ሰውና ከብት ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። ከአሸንጌ ወዲህ ያለውን ጉዞ «ማፈግፈግ» ብሎ መጻፍ ለአዛዦቹ ክብር ሲባል የሚደረግ ነው፤ «መሸሽ» ብሎ መጻፍ ደግሞ በዚያ ሐይቅ ዳር የወደቁትን መበደል ነው። ከሰማይ ከሚወርድ መርዝ ፊትህን ወዴት ታዞራለህ? ፊትና ኋላ በሌለበት ቦታ ሁለቱም ግሦች አይሠሩም። እኔ ብጽፍ «አለቀ» እላለሁ።

ንጉሠ ነገሥቱ በላሊበላ በኩል አልፈው ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ሚያዝያ 24 ቀን በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ተነሡ። ስለዚህ መነሣት የተጻፈው ሁሉ ቢሰበሰብ የግሥ ጦርነት ይሆናል። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት መሄዱን ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። በኋላ ዘመን ንጉሡን ያወገዙት «ሸሸ» አሉ፤ ያከበሩት «ተሰደዱ» አሉ። «ተሰደደ» የሚለውን የመረጠው ሰው፣ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ሰዋስውን ጠበቃ አድርጎ አቁሟል። ሰደደ ማለት ላከ፣ አባረረ ነውና፤ ተሰደደ ሲባል ሰውየው በሌላ ተባረረ እንጂ ራሱ ሄደ አይባልም። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ በ«አርበኛ» እና በ«ስደተኛ» መካከል የነበረው ቅሬታ ከዚችው የግሥ መድረክ ላይ የተነሣ ነው፤ አርበኛው «ተሰደደ» የሚለውን ሰዋስው አልተቀበለም። በእኔ አስተያየት «ተሰደደ» ከሦስቱ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው፤ «አፈገፈገ» ለማለት ግን አልደፍርም። ሰኔ 23 ቀን በዤኔቭ መድረክ ላይ ቆመው ስለ መርዙ ጋዝ ሲመሰክሩ ፊታቸውን ወደ ጠላት አዞሩ የሚል ሰው ቢኖር አልጣላውም። ሕዝብ ግን ግሡን ለመምረጥ ምሁር አይጠብቅም፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ በሄዱ ጊዜ በየመንደሩ የተሰማው «ፈረጠጠ» የሚለው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ ማጻፍ ጀምረው በ1965 ዓ.ም. የታተመው የሕይወት ታሪካቸው የመጀመሪያ መጽሐፍ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ይባላል። መጽሐፉ የሚደርሰው እስከ ስደቱ ሲሆን አርእስቱ ግን ወደ ፊት መራመድን ይናገራል። በግሪኮችም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ክሴኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት ስለ ዘመቱት 10 ሺህ ያህል ጦረኞች የጻፈው መጽሐፍ «አናባሲስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ወደ ላይ መውጣት ነው። ከሰባቱ ክፍሎች መካከል ስለ መውጣት የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው፤ ስድስቱ መሪዎቻቸው የተገደሉባቸው ጦረኞች እየተዋጉ ወደ ጥቍር ባሕርና ወደ አገራቸው ያፈገፈጉበትን ይተርካሉ። ወደ ኋላ የሄዱበትን ጉዞ የወደ ፊት ስም ማውጣት እንግዲህ በአንድ አገር ብቻ የተጀመረ ልማድ አይደለም።

ዛሬ በጋዜጣና በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ «ከአቋሙ አፈገፈገ» የሚባል አነጋገር በዝቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው «ሐሳቡን ለወጠ» ወይም «ቃሉን አጠፈ» ማለት ነው። ሐሳቡን የለወጠ ሰው ፊቱን አዙሯል፤ ያፈገፈገ አላዞረም። ይህ ቀላል ስሕተት ይመስላል፤ ነገር ግን ቃሉን በዚህ መንገድ ካደከምነው ሊገልጽ የተፈጠረለትን ነገር የምንገልጽበት እናጣለን።

ሊገልጽ የተፈጠረለትንም ከራስ እምሩ ጉዞ የሚበልጥ የሚያሳይ በ1928 ዓ.ም. አልነበረም። የካቲት መጨረሻ ላይ በሽሬ ከተደረገው ብርቱ ውጊያ በኋላ በመርዝና በሚያቃጥል ቦምብ ሥር ተከዜን ተሻገሩ። ከዚያ ወደ ጎጃም ወረዱ። ጦራቸው በየመንገዱ ሳሳ፤ ወደየአገሩ የተመለሰውም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም መሣሪያቸውን አላስቀመጡም፤ ዓባይን ተሻግረው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ አመሩ። በዚያም ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች የሚገኙበት «ጥቍር አንበሳ» የተባለው ማኅበር ከጎናቸው ቆመ። እነዚህ ወጣቶች ከጥቂት ጊዜ በፊት በወለጋ በቦናያ ያረፉትን የጠላት አይሮፕላኖች ከነመኮንኖቻቸው ያጠፉ ናቸው። ዝናቡ ሲያባራ የኢጣልያ ጦር ከሦስት ወገን ስለ ገፋቸው ወደ ደቡብ አፈገፈጉ፤ በየምዕራፉም ይዋጉ ነበር። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከፊትም ከኋላም ተከበቡ። ከዚያ ወዲያ የሚያፈገፍጉበት ቦታ ስላልነበረ እጃቸውን ሰጡ። ኢጣልያኖችም ፖንዛ ወደምትባለው ደሴት ወስደው አሰሯቸው። በ1935 ዓ.ም. ክረምት ላይ ደግሞ ሥልጣኑን የተቀማው ሙሶሊኒ በዚያችው ደሴት ለጥቂት ቀን ታስሮ ነበር። ራስ እምሩም በኢጣልያ መውደቅ ተፈትተው ወደ አገራቸው ገቡ፤ እዚህ ላይ «ገቡ» የምለው በግዕዙም በአማርኛውም ትርጓሜ ነው።